ታቦት የሚጠብቀውና የማይጠብቀው፦ የደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች

ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ታቦር በበጋ የሚጓዝ ሰው ዓይኑ የሚያርፍበት ነገር ጥቂት ነው። የታጨደ ማሳ፣ ተግጦ አፈሩ የቀረ መስክ፣ በየድንበሩ የተሰለፈ ባሕር ዛፍ። በየመሐሉ ግን፣ ኮረብታ ጫፍ ላይ ወይም ሜዳው መካከል፣ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ክብ ጉብ ብሎ ይታያል። ጠጋ ሲሉት ከዛፎቹ መካከል የቆርቆሮ ጣሪያና ጉልላት ብልጭ ይላል። ያ አፀድ ነው። በደቡብ ጎንደር እንዲህ ያሉ የቤተ ክርስቲያን ደኖች ከ1,000 በላይ ናቸው። አብዛኞቹ ትናንሽ ሲሆኑ 5 ሄክታር ከደረሰ ደህና አፀድ ነው ይባላል። አንዱ ከሌላው በአማካይ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል።

ሃይማኖት ለማኅበረሰብ በጎ ሥራ ሌላው ሊሰጠው የማይችለውን ነገር ይጨምራል ወይ? ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ስለ ምጽዋት፣ ስለ ትምህርት ቤትና ስለ ሆስፒታል ሲወራ ነው። እዚያ ላይ መለየት ይቸግራል። የምእመኑ ገንዘብ፣ የመንግሥት ድጋፍ፣ የለጋሽ ድርጅት እርዳታና የሰው ርኅራኄ አንድ ድስት ውስጥ ገብተው ተማስለዋል። ዛፍ ግን ቆሟል ወይም ተቆርጧል። ድንበር አለው፤ ይቆጠራል፤ ከአየር በተነሣ ፎቶግራፍ ይታያል። ከዚህም በላይ በአፀዱ ድንበር በሁለቱም ወገን ዝናቡ አንድ፣ አፈሩ አንድ፣ ገበሬውም አንድ ነው። ማሳው ዳር የቀረችውን ዋንዛ ለሞፈርና ለቀንበር የሚቆርጥ ሰው፣ አሥር እርምጃ አልፎ የቆመችውን ዋንዛ አይነካትም። ጥያቄው ይህን አሥር እርምጃ የፈጠረው ምንድን ነው የሚል ነው።

አፀዱ ውስጥ ያለው

የደን ተመራማሪው ዓለማየሁ ዋሴ እ.ኤ.አ. በ2007 በኔዘርላንድስ ዋኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ባቀረበው ሥራ በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንቷል። ትንሹ 1.6 ሄክታር፣ ትልቁ 100 ሄክታር ነበር። በጠቅላላው 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዓይነቶች ሲመዘገቡ ከእነዚህ 160ው አገር በቀል ናቸው። ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ሎል፣ ጥቁር እንጨት፣ ዶቅማ፣ ብሳና፣ ወደ ደጋው ሲወጣ ደግሞ ኮሶ። ከእነዚህ ብዙዎቹ በአካባቢው ከአፀድ ውጭ እናት ዛፍ የላቸውም ማለት ይቻላል።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ከቁጥሩ ይበልጥ ይከብዳል። ከአፈር ናሙና ተወስዶ ምን ዘር እንደተኛበት ሲታይ፣ የሚበቅለው በአመዛኙ ሣርና ቅጠላ ቅጠል እንጂ ዛፍ አይደለም። የአብዛኛው አገር በቀል ዛፍ ዘር አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ቀን አይጠብቅም፤ ወይ ቶሎ ይበቅላል፣ ወይ ይበላል፣ ወይ ይበሰብሳል። እናት ዛፏ ከተቆረጠች ደኑ ከመሬት ውስጥ ተመልሶ አይነሣም። ስለዚህ አፀድ የጥንቱ ደን ማስታወሻ ብቻ ሳይሆን የጽድና የዝግባ ዘር የሚለቀምበት ጎተራም ነው።

በጨዋታ መካከል ሁሌ የሚነሣ አንድ ቁጥር አለ፤ «ከመቶ ዓመት በፊት ኢትዮጵያ 40 በመቶ በደን ተሸፍና ነበር» የሚለው። የታሪክና የደን አጥኚዎች ይህን ቁጥር በጥርጣሬ ነው የሚያዩት። እኛም አንጠቀምበትም፤ ነገሩን ለማስረዳት አያስፈልግምና።

ሕጉ እንዴት ይሠራል?

ሕጉ በወረቀት የሰፈረ የደን አስተዳደር ደንብ አይደለም። መነሻው ታቦቱ ነው። ታቦት የገባበት ቦታ የተቀደሰ ነው፤ ቅድስናውም በመቅደሱ ግድግዳ አያበቃም። ከመቅደስ ወደ ቅድስት፣ ከቅድስት ወደ ቅኔ ማኅሌት፣ ከዚያም ወደ ቅጽሩ እየሰፋ ይወጣል። ዛፉ የቤተ ክርስቲያኑ ልብስ ነው። አፀድ የሌለው ቤተ ክርስቲያን እርቃኑን እንደቆመ ሰው ይቆጠራል የሚለው አነጋገር ከካህናቱ አፍ አይጠፋም። ከዚያ በላይ ደግሞ ፍርሃት አለ። «ታቦቱ ይቀስፈኛል» የሚል ሰው ቀልዱን አይደለም።

በዕለት ተዕለት ሥራው ላይ ግን ፍርሃት ብቻውን አይደለም። ቄሰ ገበዙ ንብረት ጠባቂ ነው። ሰበካ ጉባኤው የካህናትና የምእመናን ተወካዮች ያሉበት ሲሆን ስለ ገንዘብና ስለ ግቢው ይወስናል። ዘበኛ ያለው ደብር አለ፤ የሌለውም ብዙ ነው። የአብነት ተማሪዎች በአፀዱ ጥግ በጎጇቸው ስለሚኖሩ ሳያስቡት ጠባቂ ይሆናሉ። የተፈቀደም ነገር አለ፦ ለቤተ ልሔም ማገዶ የወደቀ እንጨት መልቀም፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ጥገና በሰበካ ጉባኤ ውሳኔ ዛፍ መቁረጥ፣ ለመቋሚያ የሚሆን በትር ማውጣት። የተከለከለው የግለሰብ መጥረቢያ ነው። ቆርጦ የተገኘ ሰው መጀመሪያ የሚቆመው ፖሊስ ፊት ሳይሆን ካህኑ ፊት ነው። ይቅርታ ይጠይቃል፣ ንስሐ ይገባል፣ አንዳንድ ቦታም ካሳ ይከፍላል። ቅጣቱ ቀላል ይመስላል። ልጁን የሚያጠምቀው፣ ለአባቱ ፍትሐት የሚያደርሰው፣ እርሱንም የሚቀብረው ያው ካህን መሆኑ ሲታሰብ ግን ቀላል አይደለም።

እምነት ነው ወይስ ባለቤትነት?

እዚህ ላይ አስተዋይ አንባቢ የሚያነሣው ተቃውሞ አለ። ድንበሩ የታወቀ፣ ባለቤት ያለው፣ በየቀኑ ሰው የሚገኝበት መሬት በማንም እጅ ቢሆን ይጠበቃል፤ ሃይማኖቱ ስሙ ብቻ ነው ይላል። ተቃውሞው ጠንካራ ነው። ሦስት ማነጻጸሪያዎች ግን ሙሉ በሙሉ እንዳንቀበለው ያደርጉናል።

አንደኛው የቤተ ክርስቲያኗ የራሷ የቀድሞ መሬት ነው። ከየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ በፊት ቤተ ክርስቲያን ከአፀዱ ውጭ ሰፊ መሬት በጉልትና በሌላ ስም ይዛ ነበር። ያ መሬት ባለቤት ነበረው፣ ድንበር ነበረው፣ ገቢውም ለካህናቱ ነበር። ነገር ግን እንደ ሌላው መሬት ታርሷል፣ እንደ ሌላው ተመንጥሯል። ደን ሆኖ የቀረው ታቦቱን የከበበው ብቻ ነው። ባለቤትነት ደንን የሚጠብቅ ቢሆን ኖሮ ጉልቱ ላይም ደን ማየት ነበረብን።

ሁለተኛው ከደቡብ ጎንደር ወጣ ያለ ነው፤ መንዝ፣ ጓሳ። የጓሳ ሣር የሚታጨድበትና ከብት የሚሰማራበት፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚገኝበት ይህ ደጋ፣ ለ400 ዓመት ገደማ በ«ቄሮ» ሥርዓት ተጠብቋል። ተጠቃሚዎቹ በአባ ቄራ መሪነት መሬቱን ለዓመታት ይዘጉታል፣ በወሰኑት ቀን ይከፍቱታል፣ ደንቡን የጣሰውን ይቀጣሉ። ዕድሜው ከብዙ መንግሥታት ይረዝማል። መንዞች ምእመናን ናቸው፤ ሣሩ ግን የታቦት ልብስ አልነበረም፣ የቀደምት አባቶች ርስት ነበር። በ1967ቱ አዋጅ የርስት መብት ሲሻር የቄሮው መሠረት አብሮ ተናደ፤ ጓሳም ለሁሉም ክፍት ሆነ። በኋላ ኅብረተሰቡ በኮሚቴና በመተዳደሪያ ደንብ እንደገና አደራጅቶታል፣ ይህም የሚያስመሰግነው ነው። ቢሆንም ያው አዋጅ የደቡብ ጎንደር ቤተ ክርስቲያንን ጉልት ሲወስድ አፀዱን የሚጠብቀው ምክንያት አልተነካም። ምክንያቱ የመሬት መብት አልነበረምና። አዋጅ ርስትን ይሽራል፤ ቅስፈትን ግን አይሽርም።

ሦስተኛው ማስረጃ ፎቶግራፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 በጣሊያን ወረራ ዘመን ከአውሮፕላን የተነሡ ምስሎች ከዛሬው የሳተላይት ምስል ጋር ተነጻጽረዋል። ደኖቹ በብዛት እዚያው አሉ፤ ስፋታቸውም በአማካይ አልቀነሰም፣ እንዲያውም የሰፉ አሉ። በእነዚህ ዓመታት ወረራ፣ ንጉሣዊ አገዛዝ፣ ደርግና ኢሕአዴግ ተፈራርቀዋል፣ የሕዝቡ ቁጥርም ብዙ እጥፍ አድጓል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ድንበሩን ይዞ የቆየ ሌላ የደን አስተዳደር በአካባቢው ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል።

ወሬው እዚህ ቢያበቃ ደስ የሚል ነበር። ያው ፎቶግራፍ ግን ሌላም ነገር ይናገራል። በ1938 አፀዱ ድንገት አያበቃም ነበር፤ በደኑና በማሳው መካከል የቁጥቋጦ መቀነት ነበረ። ዛሬ ያ መቀነት የለም፤ ማሳው ዛፉ ሥር ድረስ ገብቷል። ውስጡም በብዙ ቦታ ሳስቷል። የሰፉት ደኖችም የሰፉበት ትልቁ ምክንያት ጽድ ወይም ወይራ ሳይሆን ዳር ዳሩን የተተከለ ባሕር ዛፍ ነው።

ታቦቱ የማያየው

ብዙ ካህናት ከፍተኛው ቅድስና የሚደርሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ እስከ 40 ክንድ ነው ይላሉ። ይህን ወደ ሜትር እንመልሰው። ክንድ ግማሽ ሜትር ቢሆን 40 ክንድ 20 ሜትር ነው። ከመካከሉ እስከ ግድግዳው 10 ሜትር የሆነ ክብ ቤተ ክርስቲያን ብንወስድ፣ በዙሪያው ያለው የ40 ክንድ መቀነት 2,500 ካሬ ሜትር ያህል ይሆናል። ሩብ ሄክታር ማለት ነው። አፀዱ 5 ሄክታር ከሆነ ይህ 5 በመቶው ብቻ ነው። የቀረው 95 በመቶ የተከበረ ነው፣ ግን በዚያ ደረጃ አይደለም። መደራደሪያ የሚሆነውም ይህ ክፍል ነው።

የመጀመሪያው ተደራዳሪ ከብት ነው። እምነቱ መጥረቢያን በስም ጠርቶ ከልክሏል፤ ጥጃን ግን አልጠራም። ላም ወደ አፀዱ ገብታ ሣር ብትግጥ፣ በቀትር ጥላ ሥር ብትተኛ፣ ኃጢአት የሠራ የለም። ባለቤቷ የሚፈራው ታቦቱን አይደለም፤ ቢበዛ ዘበኛው እንዳይቆጣ ነው። ከብቱ ግን ከመጥረቢያው በዝግታ ያንኑ ሥራ ይሠራል። ዘሩ የወደቀበትን አፈር ይረግጣል፣ የበቀለውን ችግኝ ይቀነጥባል። ዓለማየሁ ዋሴና ባልደረቦቹ በአፀዶች ውስጥ የተወሰነ ቦታ አጥረው ከክፍቱ ጋር ባነጻጸሩት ሙከራ፣ በአጥሩ ውስጥ የበቀለውና በሕይወት የቆየው ችግኝ ክፍት ከተተወው እጅግ በልጦ ተገኝቷል። ብዙ አፀዶች ውስጥ ቀና ሲሉ የ200 ዓመት የሚመስል ጽድ ይታያል፤ ዝቅ ሲሉ ጉልበት የሚደርስ አንድ የጽድ ልጅ የለም። አያቶች ብቻ የቀሩበት መንደር ነው።

ሁለተኛው መቃብር ነው። አፀድ ውስጥ መቀበር የምእመን መብትና ክብር ነው፤ ማንም አይከለክለውም። የድሮው መቃብር አፈር ተደልድሎበት፣ ድንጋይ ተደርድሮበት፣ ከትውልድ በኋላ ቦታው ለሌላ ይሆን ነበር። የሲሚንቶ ሐውልትና የብረት አጥር ሲመጡ ቦታው ለዘለዓለም ተያዘ። እንደ ምሳሌ እናስላው፦ አንድ ደብር በዓመት 25 ሰው ቢቀብርና እያንዳንዱ ሐውልት ከመተላለፊያው ጋር 4 ካሬ ሜትር ቢወስድ፣ በዓመት 100 ካሬ ሜትር ነው። በ30 ዓመት 3,000 ካሬ ሜትር፤ ከ5 ሄክታሩ 6 በመቶ። የተቆረጠው ሥር፣ ሬሳ ተሸክሞ ለማለፍ የተመነጠረው መንገድና ለሲሚንቶው የተነሣው ድንጋይ በዚህ ውስጥ የሉም። ይህን የሚያደርገው ከእምነት የራቀ ሰው አይደለም። ለአባቱ የሚሳሳ ምእመን ነው።

ሦስተኛው ገንዘብ ነው። ጉልቱ ከተወሰደ በኋላ የገጠር ደብር ገቢ መባና ስጦታ ሆነ፤ ካህኑም እንደ ጎረቤቱ ገበሬ ሆኖ የሚያድር ነው። ጣሪያው ሲያፈስ ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ሲሰነጠቅ ሲሚንቶ ይገዛል። ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመት ውስጥ አጣና ሆኖ ይሸጣል፤ ከጉቶው ደግሞ እንደገና ያቆጠቁጣል። ሰበካ ጉባኤ በአፀዱ ዳር ባሕር ዛፍ ሲተክል መዝገቡ ላይ ልማት ይባላል፣ ስስት ነው ለማለትም አይቻልም። በእርግጥ የውጭውን ጫፍ ይሸፍናል፤ ማገዶ ለቃሚውንም ከወይራው ላይ ያነሣል። ችግሩ ዳር ላይ አለመቆሙ ነው። አንድ ሽማግሌ ጽድ ሲወድቅ በክፍተቱ ላይ የሚተከለው ባሕር ዛፍ ከሆነ፣ ደኑ ስፋቱን ሳይለቅ ዓይነቱን ይለውጣል። ከላይ ያልነው «የሰፋ» ደን አንዳንዱ እንዲህ ነው።

እነዚህን ሦስቱን ያያያዘ አንድ ነገር አለ፣ የዚህ ጽሑፍ ፍርድም እርሱ ነው። እምነት የሚጠብቀው በስም የጠራውን ነው። በስም የጠራውን የሚጠብቅበት ኃይል ደግሞ ከሌላ ቦታ የማይገኝ ነው፦ ያለ ደመወዝ፣ በጨለማም፣ አገዛዝ ሲለወጥም ይሠራል። ያልጠራውን ግን በዚያው ልክ ያሳልፋል። ካህናቱ የጠበቁት የታቦቱን ክብር ነው፤ ደኑ በዚያ ክብር ጥላ ሥር ተረፈ።

ዘጌ፦ በሬው በስም ሲጠራ

ለዚህ ፍርድ ከጣና ማዶ ያለው ዘጌ ምስክር ይሆናል። ከባሕር ዳር በጀልባ የሚደረስበት ይህ ልሳነ ምድር ዑራ ኪዳነ ምሕረትን፣ አዝዋ ማርያምንና መሐል ዘጌ ጊዮርጊስን የያዘ ነው። እንደ ቦታው ትውፊት ገዳሙን የመሠረቱት አቡነ በትረ ማርያም በምድሩ ላይ እርሻና የቀንድ ከብት እንዳይገባ ከልክለዋል። በትራቸው ለሦስት ተሰብሮ ሲተከል ቡና፣ ጌሾና ሎሚ በቀለ፤ የዘጌ ሰው በእነዚህ ይኑር፣ አይረስ ተባለ። ትውፊቱን ያመነም ያላመነም ውጤቱን ያያል። በዘጌ ሞፈርና በሬ በልማድ ነውር ሆነው ኖረዋል፤ ደኑም 5 ሄክታር ሆኖ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ አልታጠረም፣ ልሳነ ምድሩን አልብሶ ቆመ።

ልዩነቱ የዘጌ ሰው ከደቡብ ጎንደር ሰው ይልቅ ስለሚያምን አይደለም። ግዝቱ በሬውን በስም ስለጠራ ነው። እዚያም ቢሆን ያልተጠራው ነገር ክፍተት ሆኗል፦ ቡናው እንዲያፈራ ሥር ሥሩ ሲመነጠር የዱር ዛፍ ልጆች አብረው ይሄዳሉ፤ ገንዘብ ያጠረው ደግሞ ማገዶ በታንኳ ጭኖ ባሕር ዳር ይሸጣል።

ካቡ

በደቡብ ጎንደር የተገኘው ተግባራዊ መልስ ካብ ነው። ሐሳቡ ከዓለማየሁ ዋሴና ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ጋር አብሮ ይነሣል። ሁለቱ ከ2008 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከካህናት ጋር እየመከሩ፣ ከውጭ የተገኘ ገንዘብ እየጨመሩ፣ እንደ ዝሃራና ደብረ ሰና ባሉ አፀዶች ዙሪያ የድንጋይ አጥር እንዲሠራ ረድተዋል። ድንጋዩ ከየማሳው ይለቀማል፤ ገበሬው ሞፈሩን ሲያሰናክለው የኖረውን ድንጋይ ይገላገላል፣ አፀዱም ካብ ያገኛል። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች በተለይ ትናንሾቹ አፀዶች ካብ ሲኖራቸው የዛፍ ዓይነታቸውም ችግኛቸውም የተሻለ መሆኑን አሳይተዋል።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ክብ የሆነ 5 ሄክታር አፀድ ዙሪያው 793 ሜትር ነው። ካቡ ከሥር 80፣ ከላይ 40 ሳንቲ ሜትር ወርድ፣ 1.2 ሜትር ቁመት ቢኖረው በአንድ ሜትር ርዝመት 0.72 ሜትር ኩብ፣ በጠቅላላው 570 ሜትር ኩብ ገደማ ድንጋይ ይጠይቃል። የአፀዱ ዳር ስለሚጣመም እውነተኛው ቁጥር ከዚህ ይበልጣል። ትንሽ አፀድ በሄክታር ሲሰላ ይወደዳል፦ 10 ሄክታር ለአንድ ሄክታር 112 ሜትር ካብ ሲበቃው፣ 1 ሄክታሩ 354 ሜትር ይፈልጋል። ከሁሉ ይበልጥ የሚያስፈልገው ግን ይኸው ትንሹ ነው። ከዳር 20 ሜትር ድረስ ነፋስና ፀሐይ የሚያደርቀው ቢሆን፣ ከ5 ሄክታሩ 29 በመቶው ሲነካ ከ1 ሄክታሩ 58 በመቶው ይነካል።

ሥራው የሚበላሸው ከመጀመሪያው ድንጋይ በፊት ነው። ካብ ድንበር ነው፣ ድንበር ደግሞ ሙግት ነው። አዋሳኝ ገበሬው የይዞታ ደብተር አለው፤ አንድ ክንድ ተገፋሁ ካለ ካቡን ሌሊት ይንደዋል፣ ይህን ሲያደርግም ታቦቱን ደፈርሁ ብሎ አያምንም፤ የእኔን መሬት መለስሁ ይላል። ስለዚህ ሰበካ ጉባኤው፣ የቀበሌው የመሬት አስተዳደር ኮሚቴና አዋሳኞቹ አንድ ላይ ድንበሩን በእግር ዞረው ምልክት ማኖር አለባቸው። ሁለተኛው ስሕተት ካቡን ከዛፉ ግንድ ጋር አጣብቆ መሥራት ነው። ከዳሩ ከ5 እስከ 10 ሜትር ወጣ ብሎ ከተካበ የጠፋው የቁጥቋጦ መቀነት መመለሻ ያገኛል። አጣብቆ የተካበ ደን ግን እንደ ቁምጣ ልብስ ነው፤ ልጁ ቢያድግም አይሰፋም።

አካካቡ ላይ ጥቁር ዋልካ አፈር ጠላት ነው፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ካቡንም ያዘመዋል። እስከ ጠንካራው አፈር ወይም ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ተቆፍሮ ትልልቁ ድንጋይ ከሥር ይቀመጣል። ሁለቱ ፊት ወደ ውስጥ ጠቀስ ብለው ይወጣሉ፤ መሐሉ በጠጠር ሳይሆን በተጠቀጠቀ ትንንሽ ድንጋይ ይሞላል። በየሜትሩ ከአንዱ ፊት እስከ ሌላው የሚዘልቅ ረጅም ድንጋይ ካልገባ ካቡ በሁለተኛው ክረምት ሆዱ ይነፋና ይዘረገፋል። ጎርፍ በሚወርድበት በኩል ማሳለፊያ ቀዳዳ ይተውለታል። ፍየል የ1.2 ሜትር ካብ ላይ ትወጣለች፤ አናቱ ላይ እሾህ ይጨመርበታል። የሥራው ወቅት ከአዝመራ በኋላ፣ ከጥር እስከ ሚያዝያ ነው። የበዓላቱ ብዛት የሥራውን ቀን ያሳጥረዋል፣ ይህ እውነት ነው። በሌላ በኩል «የቤተ ክርስቲያን ሥራ በረከት ነው» ሲባል ሰው ሳይከፈለው ድንጋይ ይሸከማል፤ ለግብርና ቢሮ እርከን ሥራ የሚወጣው ስሙ ሲጠራ ነው።

ከተካበ በኋላም ደኑ ወዲያው አይነሣም። በመጀመሪያዎቹ ክረምቶች የሚገነው ሣርና አረም ነው፤ ካህናቱም «ግቢው ዳዋ ዋጠው» ብለው ያጭዱታል፣ ከአረሙ ጋር የወይራውን ልጅም። ሰው መድቦ ችግኙን በእንጨት እያመለከቱ ማጨድ ይበጃል። እናት ዛፍ የሌለው ዓይነት ከሌላ አፀድ ዘሩ መጥቶ መተከል አለበት። ባሕር ዛፉ የሚወጣ ከሆነ ጉቶው እንዳያቆጠቁጥ ሥሩ ድረስ መንቀል ያስፈልጋል፤ ከዚያም በፊት የቆርቆሮው ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ መወሰን አለበት፤ አለዚያ በሦስተኛው ዓመት ይመለሳል።

የካቡን ታሪክ ስንመለከት አንድ ነገር ያስገርማል። ገንዘቡን ከሰጡት ብዙዎቹ ስለ ታቦት የማያውቁ፣ ለወፍና ለነፍሳት የሚቆረቆሩ ሰዎች ናቸው። ድንጋዩን የተሸከሙት ደግሞ ስለ ብዝኃ ሕይወት የማይጨነቁ ምእመናን ናቸው። እምነት ለዘመናት ያቆየውን ዛፍ ሳይንስ ሊተክለው አይችልም ነበር፤ ሳይንስ ያየውን ጥጃ ደግሞ እምነት አላየውም ነበር።

ስለ «ልዩ» ቃል

በዚሁ ዞን፣ ፎገራ ወረዳ፣ አውራምባ አለ። ዙምራ ኑሩ እ.ኤ.አ. በ1972 የመሠረቱት ማኅበረሰብ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የለውም፤ በፈጣሪ ግን ያምናል። አረጋውያኑን ይጦራል፣ የወንድና የሴት ሥራ ብሎ አይለይም። ስለዚህ በጎ ሥራ ሁሉ ካህን ይፈልጋል የሚል ሰው ከደብረ ታቦር መንገድ ብዙም ሳይርቅ መልሱን ያገኛል። አንድ ሃይማኖት ብቻ ይህን ይችላል የሚልም ኮንሶን ይይ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ በተመዘገበው የኮንሶ መልክዓ ምድር ውስጥ የጎሳ መሪዎቹ በሥርዓተ እምነታቸው የጠበቋቸው ደኖች አሉ። ልዩ የሆነው ደግነቱ አይደለም። ልዩ የሆነው «አይነካም» የሚለው ቃል ዋጋው ሳይሰላ ለልጅ ልጅ መተላለፉ ነው። ጥቅም እየተሰላ የሚጠበቅ ደን፣ አጣናው በተወደደበት ዓመት ሒሳቡ ይለወጣል። ለታቦት ልብስ ገበያ የለውም።

ቃሉን ማስፋት ይቻላል ወይ የሚለው በየደብሩ እየታየ ያለ ነገር ነው። አንዳንድ ካህናት ከቅዳሴ በኋላ ስለ ከብቱ በስም መናገር ጀምረዋል፤ ጥጃዋን አፀድ ውስጥ ማሰማራት የታቦቱን ልብስ መቅደድ ነው እያሉ። ቀላሉ ክፍል ይህ ነው። አስቸጋሪው መቃብሩ ነው፦ በካቡ ጥግ የጋራ መካነ መቃብር ይከለል፣ ሐውልት ይቅር ሲባል፣ ካህኑ ራሱ አባቱን ያሳረፈው በሲሚንቶ ነው።

በሩም አለ። መቅደሱን የሚከፍትና የሚዘጋ የታወቀ ነው፤ ቁልፉም በአንድ ሰው እጅ ነው። የካቡ በር ግን በወር በዓል ማለዳ ለሕዝቡ ይከፈትና ማኅሌቱ፣ ቅዳሴው፣ ጠበሉ፣ ዝክሩ አልቆ ሰው ሲበተን የመጨረሻው ወጪ ማን እንደሆነ ስለማይታወቅ ገርበብ ብሎ ያድራል። በማግስቱ ጠዋት እረኛው ሳይነዳቸው በጎቹ ቀድመው ይገባሉ። ካቡን ጥሩ አድርገው የጠበቁ ደብሮች ሦስት በር የነበራቸውን ወደ አንድ ቀንሰዋል፣ የዚያንም ቁልፍ ከመቅደሱ ቁልፍ ጋር በአንድ ማሰሪያ አሥረውታል።